ጨረቃን ለተማሪ ማስተማር፦ ቦርዱ ይቆየን፣ መጀመሪያ ሰማዩ

የጨረቃ መልኮች የሚለው ትምህርት ላይ ስንደርስ አብዛኞቻችን የምናደርገው ያው ነው፣ ቦርዱ መሀል መሬት፣ ዙሪያዋን ስምንት ጨረቃ፣ ዳር ላይ ፀሐይ፣ ከዛ ስሞቹን አስገልብጦ ወደ ቀጣዩ ምዕራፍ። ልጁ ይሸመድዳል፣ ፈተናም ላይ ይመልሳል፣ ግን ማታ ደጅ አውጥታችሁ "ይቺ ጨረቃ እየሞላች ነው እየጎደለች? ነገ በዚህ ሰዓት የት ትሆናለች?" ብትሉት ዝም ነው። ዲያግራሙ ተሳስቶ አይደለም፣ ከጠፈር ሆኖ ወደ ታች ለሚያይ ሰው የተሳለ ስለሆነ ነው፣ የኛ የጎንደር ልጅ ደግሞ የሚያየው አዘዞ ወይ ማራኪ ቆሞ ነው። ስለዚ እኔ የምመክረው ግልብጡን ነው፣ መጀመሪያ ሰማይ፣ ከዛ ሎሚ፣ ከዛ ታሪኩ፣ ዲያግራሙ መጨረሻ ላይ ይምጣ፣ እሱንም ልጆቹ ራሳቸው ይሳሉት።

ምንም ሳታስተምሩ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፣ ጨረቃ ለምን ትጎድላለች? ከክፍሉ ብዙው "የመሬት ጥላ ሲያርፍባት" ይላል። አታርሙት። ቦርዱ ጥግ ላይ ጻፉትና ይቀመጥ፣ በኋላ ራሳቸው ያጠፉታል። ከደምቢያ ወይ ከወገራ የመጡ፣ በጨረቃ መንገድ የሄዱ፣ ከብት የጠበቁ ልጆች ካሉ ደግሞ እነሱን አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ የከተማው ልጅ ከስልክ ቀና የማይለውን እነሱ ጨረቃ መቼ ወጥታ መቼ እንደምትገባ በደንብ ያውቁታል፣ ያወቁትን ግን "ሳይንስ" ነው ብሎ የነገራቸው የለም። አዲስ ዓለም ሰፈር ያሉ የሙስሊም ልጆችም እንደዛው ናቸው፣ ረመዳን ሲገባ ጨረቃ ስትፈለግ አይተዋል። እነሱን "ለምን ወደ ምዕራብ ነው የሚታየው? ለምን ፀሐይ እንደገባች?" በሏቸው። መልሱን አሁን አትስጡ።

አሁን ወደ ሎሚው። ይሄ ከሁሉም የምወደው ነው፣ መብራት ቢጠፋም አይቀርም፣ ክፍሉ ሰባ ልጅ ቢሆንም ይሠራል። ጨረቃ በቀን እንደምትታይ ብዙ ተማሪ ልብ ብሎት አያውቅም። የጠዋት ፈረቃ የምታስተምሩ ከሆነ ጨረቃ ከሞላች ከ4 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ ጠዋት 2 ሰዓት አካባቢ ግቢ አውጧቸው፣ በምዕራብ በኩል ነጭ ሆና ታገኟታላችሁ። የከሰዓት ፈረቃ ከሆናችሁ ደግሞ ጨረቃ ከተወለደች ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ 10 ሰዓት ላይ በምሥራቅ በኩል ከፍ ብላ አለች። እያንዳንዱ ልጅ ሎሚ ወይ እንቁላል ይያዝ፣ ክንዱን ዘርግቶ ሎሚውን ከጨረቃዋ ጎን ያድርገው፣ ፀሐዩ ሎሚው ላይ ማረፍ አለበት። ከዛ ያዩታል፣ ሎሚው ላይ የበራው ክፍል ቅርጹ ልክ ጨረቃዋ ላይ የበራው ነው፣ ያው ጎን፣ ያው መጠን። ለምን ቢባል ሁለቱንም የምታበራቸው አንድ ፀሐይ ናት፣ እኛም ሁለቱን የምናየው በአንድ አቅጣጫ ነው። አንድ ነገር ግን አጥብቃችሁ ተናገሩ፣ ፀሐይን በቀጥታ ማየት ክልክል ነው፣ ጨረቃዋ ፀሐይዋ አጠገብ ከሆነች ሙከራውን ተዉት፣ ለሌላ ቀን ይደር።

እዛው ቆማችሁ ሳላችሁ የጥላውን ነገር አንሱ። "ፀሐይ የታለች? እዚያ። ጨረቃስ? እዚህ። መሬትስ?" ሁሉም ወደ እግሩ ያያል። ጥላ ሁልጊዜ የሚወድቀው ከፀሐይ በተቃራኒ ነው፣ ፀሐይ ከላይ ሆና የመሬት ጥላ ሰማይ ላይ ያለችውን ጨረቃ እንዴት ይነካታል? አይነካትም፣ ግን ጨረቃዋ ጎደሎ ናት። እዚህ ላይ ክርክር ይነሳል፣ ይነሳ። ወደ ክፍል ሲመለሱ ቦርዱ ጥግ ላይ ያለውን አረፍተ ነገር የሚያጠፋው ልጅ ከመሀላቸው ይገኛል።

ከዚህ በኋላ ሰዓቱ ነው፣ እዚህ ላይ እኛ ዕድለኞች ነን ምክንያቱም የኛ ሰዓት ከንጋት ስለሚጀምር የጨረቃ ሂሳብ አብሮት ይገባል። አዲስ ጨረቃ ከፀሐይ ጋር 12 ሰዓት ጠዋት ወጥታ 12 ሰዓት ማታ ትገባለች፣ ስለዚ አትታይም። ስትሞላ ግማሽ የደረሰችው ቀን 6 ሰዓት ወጥታ ሌሊት 6 ሰዓት ትገባለች፣ ፀሐይ ስትጠልቅ አናት ላይ ናት። ሙሉዋ ማታ 12 ሰዓት ወጥታ ጠዋት 12 ሰዓት ትገባለች። ስትጎድል ግማሽ የሆነችው ሌሊት 6 ሰዓት ወጥታ ቀን 6 ሰዓት ላይ ትገባለች። በቃ ይሄው ነው፣ 12፣ 6፣ 12፣ 6። በመሀል በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ እየዘገየች ነው የምትወጣው። ሰዓታችሁን ይዛችሁ ስትለኩ ግማሽ ሰዓት አካባቢ ቢለያይባችሁ አትደንግጡ፣ የሀገሪቱ ሰዓት የተቆረጠው ከጎንደር በስተምሥራቅ ላለ መስመር ስለሆነ እዚህ ፀሐይ አናት ላይ የምትደርሰው 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፣ ጨረቃም አብራ ትዘገያለች።

አንድ ነገር ላይ ተጠንቀቁ፣ የመጽሐፉ ሥዕል። ብዙ መጽሐፍና ቪዲዮ ላይ ቀጭኗ ጨረቃ ቀጥ ብላ ቆማ ትሳላለች፣ "በቀኝ ከበራ እየሞላች ነው" የሚል ሕግም አብሮ ይመጣል። ያ አውሮፓ ቆሞ ወደ ደቡብ ለሚያይ ነው። ጎንደር 12.6 ዲግሪ ሰሜን ላይ ናት፣ ፀሐይም ጨረቃም ቀጥ ብለው ነው የሚገቡት፣ ስለዚ በተለይ ከጥር እስከ መጋቢት ማታ ማታ የምትታየው ቀጭን ጨረቃ ሁለቱ ጫፎቿ ወደ ላይ ሆነው ልክ እንደ ጣና ታንኳ ተንጋላ ነው የምትገኘው። ግማሽ ጨረቃ አናት ላይ ስትሆንማ ቀኝና ግራ የሚባለው ነገር ጭራሽ ፊትህን ባዞርክበት ይወሰናል፣ አንዳንዴም ከአናታችን ወደ ሰሜን አልፋ ነው የምትሄደው። ስለዚ ቀኝ ግራውን ሰርዙት፣ አንድ ሕግ ብቻ ይበቃል፣ የበራው ጎን ሁልጊዜ ወደ ፀሐይ ያያል። ማታ ፀሐይ ስትገባ ጨረቃ ከታየች እየሞላች ነው፣ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ከታየች እየጎደለች ነው። ይሄ አውሮፓም ጎንደርም ይሠራል።

የቤት ሥራው የአንድ ወር መዝገብ ነው። በአንድ ገጽ ላይ 30 ክብ ይስሉና በየቀኑ ያዩትን ጥቁሩን በእርሳስ ያጠቁራሉ፣ ሰዓቱንና የት እንደነበረች ይጽፋሉ። ቦታውን "እዛ ጋ" ብለው እንዳይጽፉ ምልክት ስጧቸው፣ ከፒያሳ ለሚያይ ሰሜኑ የጎሃ ተራራ ነው፣ ከግንቡ አጠገብ የሚኖር በፋሲል ግንብ ማማ ይለካ፣ ሌላው በቤቱ ዛፍ ወይ በጎረቤት ጣራ። ልኬቱም እጃቸው ነው፣ ክንድ ተዘርግቶ የተጨበጠ እጅ ወደ 10 ዲግሪ ይሸፍናል፣ ጨረቃ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት 12 ዲግሪ ገደማ ወደ ምሥራቅ ስለምትሸሽ ከአንድ ጭብጥ ትንሽ ትበልጣለች። የመጀመሪያው ሁለት ሳምንት ማታ 1 ሰዓት ላይ፣ ከሞላች በኋላ ደግሞ ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት ይሁን፣ ልጅን ሌሊት 8 ሰዓት ቀስቅሶ ውጣ ማለት ከቤተሰብ ጋር ያጣላል። ደመና ከሆነ "ደመና" ብሎ ይጻፍ፣ ዝም ብሎ ፈጥሮ የሚሞላ ልጅ አይጠፋም፣ ታዲያ ሲፈጥሩ የሚሳሉት የመጽሐፉን ቀጥ ያለች ጨረቃ ስለሆነ ወዲያው ይታወቅባቸዋል።

ወሩ ሲያልቅ ይቁጠሩ። ከመጀመሪያዋ ቀጭን ጨረቃ እስከ ቀጣይዋ 29 ወይ 30 ይወጣል፣ ትክክለኛው አማካይ 29.53 ቀን ነው። የሂጅራ ወር አንዴ 29 አንዴ 30 የሚሆነው ለዚህ ነው። በ12 አባዙት፣ 354 ቀን ከትንሽ። ከፀሐይዋ 365 ስትቀንሱት 11። ይቺን 11 ያዟት፣ ወደ ታች እንፈልጋታለን።

ግርዶሽን ክፍል ውስጥ አስተምሩት፣ መስኮት ሸፍናችሁ አንድ አምፖል ወይ ሻማ መሀል አስቀምጡ። ልጁ ብርቱካን እርሳስ ላይ ሰክቶ፣ ራሱ መሬት ሆኖ፣ ዞር ይላል። ብርቱካኑን ከጭንቅላቱ ከፍ ካደረገው ብርሃኑን ጀርባ ሲሰጥ ሙሉ ጨረቃ ያያል፣ ትይዩ ካደረገው የራሱ ጥላ ያርፍበታል፣ ያ ግርዶሽ ነው። "ታዲያ በየወሩ ግርዶሽ ለምን የለም?" ለሚለው መልሱ የጨረቃ መንገድ ወደ 5 ዲግሪ ያዘነበለ መሆኑ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከጥላው በላይ ወይ በታች ታልፋለች። ጳጉሜ 2 ቀን 2017 ማታ የቀላችውን ጨረቃ ያየ ልጅ ካለ ይናገር፣ የቀላችው በመሬት አየር ታጥፎ ያለፈው ቀይ ብርሃን ስለደረሳት ነው። ርቀቱን ለማሳየት ደግሞ የእግር ኳስ መሬት ከሆነች ጨረቃ ትልቅ ሎሚ ታክላለች፣ በመሀላቸው ያለው 6 ሜትር ተኩል ነው። ልጆቹን መጀመሪያ ገምቱ በሏቸው፣ ሁሉም አጠገብ ለአጠገብ ነው የሚያስቀምጧቸው።

ታሪኩን በተመለከተ፣ የስም ዝርዝር አታድርጉት። ጋሊልዮ ይሄን፣ ኮፐርኒከስ ያን እያሉ ዓመት ማስሸምደድ ለማንም አይጠቅምም። ልጆቹ አሁን ያዩትን ያው ሰማይ አይቶ ማን ምን ጠየቀ፣ በምን ለካ፣ ይሄ ነው ወሬው። አናክሳጎራስ የሚባል ሰው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት አቴና ላይ ጨረቃ ብርሃኗ ከፀሐይ ነው፣ ፀሐይም የጋለ ድንጋይ ናት ብሎ ተከሷል፣ ከተማውንም ለቆ ሄዷል፣ እናንተ በሎሚ ያያችሁትን ማለት ነው። አርስቶትል ደግሞ በጨረቃ ግርዶሽ ጊዜ የመሬት ጥላ ሁልጊዜ ክብ መሆኑን አይቶ መሬት ክብ ናት አለ። አርስጥሮኮስ የሚባል ሌላ ግሪካዊ ጨረቃ ልክ ግማሽ ስትሆን በሷና በፀሐይ መሀል ያለውን ማዕዘን 87 ዲግሪ ብሎ ከዛ ተነስቶ ፀሐይ ከጨረቃ 20 እጥፍ ገደማ ትርቃለች አለ፣ እውነተኛው 400 እጥፍ ይጠጋል። ቁጥሩ ስቷል መንገዱ ግን ትክክል ነው፣ ይሄንን ለተማሪ ማሳየት ትልቅ ነገር ነው።

ኤራቶስቴነስ የሚባለው ግሪካዊ ላይ ግን ቆም በሉ፣ እሱን እዚሁ መድገም ይቻላል። ግብፅ አስዋን ላይ በዓመቱ ረጅም ቀን እኩለ ቀን ላይ ጥላ እንደሌለ ሰምቶ በዛው ቀን እስክንድርያ ላይ ጥላውን ለካ፣ 7.2 ዲግሪ ሆነ፣ የክብ አንድ ሃምሳኛ ማለት ነው፣ በሁለቱ ከተሞች መሀል ያለውን ርቀት በ50 አባዝቶ የመሬትን ዙሪያ አገኘ። ጎንደርም ጥላ የሌለባቸው ቀናት አሏት፣ በዓመት ሁለቴ፣ ሚያዝያ 15 አካባቢ እና ነሐሴ 13 አካባቢ፣ አዎ ቡሄ። ቡሄ ላይ ደመና ነው፣ ስለዚ ሚያዝያን ያዙ። አንድ ሜትር እንጨት ቀጥ አድርጋችሁ ትከሉ፣ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ጥላው እግሩ ሥር ይጠፋል። አዲስ አበባ የሚያስተምር ጓደኛ ካላችሁ በቴሌግራም ተቀጣጠሩና እሱም እዛ በዛው ቀን፣ ጥላው ከሁሉም በሚያጥርበት ሰዓት ይለካ፣ ወደ 6 ሴንቲሜትር ያገኛል፣ ጥላውም ወደ ደቡብ ነው የሚወድቀው። ይሄ 3.6 ዲግሪ ነው፣ የክብ አንድ መቶኛ። በሁለቱ ከተሞች መሀል በመኪና መንገዱ ሳይሆን በቀጥታ ሰሜን ደቡብ ሲለካ 400 ኪሎሜትር ገደማ ነው፣ በ100 ሲባዛ 40,000። የመሬት ዙሪያ ማለት ነው። ልጆቹ ጩኸት በጩኸት ነው የሚሆኑት።

አሁን ወደ 11ዋ እንመለስ። ጎንደር ላይ የሥነ ፈለክ ታሪክ እያስተማሩ ባሕረ ሐሳብን፣ የቤተ ክርስቲያኑን የዘመን አቆጣጠር ሂሳብ፣ መዝለል ለኔ አይገባኝም። የአብነት ትምህርት ከተማ ውስጥ ነን፣ ሂሳቡን በቃሉ የሚያወጣ መርጌታ ከትምህርት ቤታችሁ ራቅ ሳይል አይጠፋም። አክብራችሁ ጋብዙት፣ "የኔታ፣ አበቅቴ እንዴት እንደሚወጣ ለልጆቹ ያሳዩልን" በሉ። አበቅቴ ማለት የፀሐይ ዓመት ከጨረቃ ዓመት በልጦ የሚጠራቀመው ቀን ነው። አወጣጡ እንዲ ነው፣ ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ጨምር፣ ለ19 አካፍል፣ ከቀሪው 1 ቀንስ፣ ይሄ ወንበር ይባላል። ወንበርን በ11 አባዝተህ ለ30 አካፍል፣ ቀሪው አበቅቴ ነው። በ2018 ስንሠራው 7518 ለ19 ቀሪው 13፣ ወንበር 12፣ በ11 ሲባዛ 132፣ አበቅቴ 12። በ2019 23 ይሆናል። በ2020 34 ይመጣና 30 ሲወድቅለት 4። ልጆቹ 11 ከየት እንደመጣች ወዲያው ያውቁታል፣ የራሳቸው መዝገብ ላይ ያገኟት በፀሐይና በጨረቃ ዓመት መሀል ያለችው ልዩነት ናት። 19ስ? 19 የፀሐይ ዓመት 6939.75 ቀን ነው፣ 235 የጨረቃ ወር ደግሞ 6939.69፣ ስለዚ በ19 ዓመት ጨረቃና ፀሐይ ተመልሰው ይገናኛሉ። ባቢሎኖች ያውቁት ነበር፣ አቴና ላይ ሜቶን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ432 አውጆታል፣ በእስክንድርያ በኩል ድሜጥሮስ ከሚባለው ሊቀ ጳጳስ ስም ጋር ተያይዞ ወደኛ መጥቷል፣ የፋሲካ ቀንም የሚወጣው በዚሁ ነው። ብልጥ ተማሪ ካለ በሁለቱ ቁጥሮች መሀል ያለችውን ትንሽ ልዩነት አሳዩት፣ በ19 ዓመት ሰዓት ተኩል ገደማ ናት፣ በ300 ዓመት አንድ ቀን ትሆናለች፣ ለዛ ነው በሂሳቡ የሚወጣው የጨረቃ ዕድሜና ሰማይ ላይ ያለችው ዛሬ ጥቂት ቀን የሚለያዩት። ይሄንን የኔታ ባሉበት በማረም መንፈስ እንዳታነሱት፣ ሂሳቡ የተሠራው በቃል ተይዞ በጣት ተቆጥሮ ለትውልድ እንዲተላለፍ ነው፣ ለዛ ደግሞ ድንቅ ነው።

መጽሐፈ ሄኖክም አለ፣ ሙሉው የተረፈው በግዕዝ ብቻ ነው፣ ከምዕራፍ 72 እስከ 82 ያለው ስለ ፀሐይና ጨረቃ አካሄድ ነው፣ የጨረቃን ብርሃን በአሥራ አራተኛ እየከፈለ ይቆጥራል፣ ተማሪዎቹ ከመዝገባቸው ጋር ሊያስተያዩት ይችላሉ። ጎንደር በ1770 እና 1771 በፈረንጅ የተቀመጠው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ኳድራንት (የሰማይ አካላትን ከፍታ መለኪያ) እና ቴሌስኮፕ ይዞ ነበር የመጣው፣ ሲመለስ ደግሞ የሄኖክን ግልባጮች ይዞ ሄደ። የቱ ነው የበለጠ የተጠቀመው ብላችሁ ክፍሉን አከራክሩት።

ከዛ በኋላ ያለውን ፈጠን በሉበት፣ ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው። ጋሊልዮ በ1609 በቴሌስኮፕ የጨረቃን ተራሮች ያየው ብርሃንና ጨለማ በሚገናኙበት መስመር ላይ በሚወድቀው ጥላ ነው፣ ባይኖክላር ያለው ሰው ካለ ግማሽ ጨረቃ ላይ ሞክሩ፣ ሙሉዋ ላይ ጥላ ስለሌለ ምንም አይታይም። ቬነስም እንደ ጨረቃ ትሞላለች ትጎድላለች፣ ሙሉ ዙሩን ማየቱ ፀሐይን እንደምትዞር አሳየው፣ ሎሚውን አስታውሷቸው። በ1959 ሉና 3 የምትባል የሶቪየት መንኮራኩር የማናየውን ጀርባዋን ፎቶ አነሳች፣ በ1969 ሰው ረገጣት። ለኛ ደግሞ እንጦጦ ላይ ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፕ አሉ፣ ጉዞ የሚያዘጋጅ ትምህርት ቤት ካለ ይጠይቅ።

መቼ ላስተምር ካላችሁ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር ነው፣ ሰማዩ ጥርት ያለበት ጊዜ ነው፣ ክረምት ላይ መዝገቡ "ደመና ደመና" ብቻ ይሆናል። የመማሪያ መጽሐፉ ምዕራፉን ሚያዝያ ላይ ቢያደርገው እንኳን መዝገቡን ኅዳር አስጀምራችሁ አስቀምጡት። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ከእኩለ ቀን አለፍ ሲል ፀሐይ ጎንደር ላይ በከፊል ትጋረዳለች፣ ግብፅ ሉክሶር ላይ ሙሉ በሙሉ ነው። ክረምት ስለሆነ ደመናው ያስፈራል፣ ቢሆንም የግርዶሽ መነጽር አስቀድማችሁ ፈልጉ፣ የራጅ ፊልምና የጠቆረ ጠርሙስ ዓይን አይጠብቅም።

ፈተና ላይ ስም አታስጽፉ። እኔ ብሆን እነዚህን ነው የማወጣው፦ ጨረቃ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ በምዕራብ ስትገባ አየህ፣ መልኳን ሳል፣ የበራውን ጎን አሳይ። ፊልም ላይ ሙሉ ጨረቃ እኩለ ሌሊት ላይ ከተራራ ጀርባ ስትወጣ ታየች፣ ምኑ ልክ አይደለም? የረመዳን ጨረቃ ለምን በምዕራብ፣ ፀሐይ እንደገባች ትፈለጋለች? ለሦስተኛው "አዲስ ስለሆነች" ብሎ ለጻፈ ግማሽ ማርክ ስጡት፣ ፀሐይ አጠገብ ስለሆነች ተከትላት እንደምትገባ ለጻፈ ሙሉውን።